ዕቃውን እያጸዳ ቀለሙን የማያጠፋው ገንዳ፦ የካቪቴሽን አረፋ ለእጥበትና ለኬሚስትሪ

ኅብረ ቀለም (የመነሻ ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። በቤተ ሙከራችን ያለው ባለ 40 ኪሎኸርዝ የአልትራሶኒክ (ጆሮ በማይሰማው ቀጭን ድምፅ የሚሠራ) ማጠቢያ ገንዳ የብርጭቆ ዕቃዎችን ለማጽዳት ለረጅም ጊዜ ያለ እንከን ሲያገለግለን ቆይቷል። በቅርቡ ግን ቀለም ያለበትን ፍሳሽ በካቪቴሽን፣ ማለትም በፈሳሽ ውስጥ ተፈጥረው በሚደረመሱ ጥቃቅን አረፋዎች፣ ማጥራት እንደሚቻል ካነበብሁ በኋላ ይህንኑ ገንዳ ለሙከራ ልጠቀምበት አሰብሁ። የገንዳውን የአጠቃቀም መመሪያ ተከትዬ ውሃውን እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሞቅሁ፤ በውሃው ውስጥ የሟሟው አየር እንዲወጣ መሣሪያውን ለ15 ደቂቃ ያለ ዕቃ አስነሣሁት፤ ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም በጣም አሳስቼ በጠበጥሁና ይረዳ እንደሆነ ብዬ ጥቂት የማጠቢያ ፈሳሽ ጨምሬ በፍላስክ ውስጥ አድርጌ ገንዳው ወለል ላይ አስቀመጥሁት።

ከ2 ሰዓት በኋላ ቀለሙ እንደ ነበረ አገኘሁት። ስለ ካቪቴሽን የሚጻፈው ሁሉ በአረፋው ውስጥ ወደ 5,000 ኬልቪን የሚደርስ ሙቀት እንደሚፈጠር ይናገራል። ይህን ያህል ሙቀት ካለ አንድ የቀለም ሞለኪውል መስበር እንዴት ያቅተዋል? ገንዳው በእርግጥ ካቪቴሽን እየፈጠረ ነው ወይስ ውሃውን ማንቀጥቀጥ ብቻ ነው ሥራው?

ንዝረት (መልስ 1)

ለኅብረ ቀለም፦ ገንዳዎ ጤነኛ ይመስለኛል። የዘረዘሩት አሠራር ለዕቃ እጥበት ትክክል ሲሆን ለኬሚስትሪ ግን ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላ የሚጎትት ነው። ምክንያቱን ለማየት ከአረፋው መነሣት ይሻላል፤ የሚያጸዳውም የሚሰብረውም እርሱ ነውና።

የድምፅ ሞገድ በውሃ ውስጥ ሲያልፍ ውሃውን በየተራ ይጨምቀዋል፣ ይለጥጠዋልም። ፍጹም ንጹሕ የሆነን ውሃ በመለጠጥ ብቻ ለመበጠስ በንድፈ ሐሳብ ከ1,000 ከባቢ አየር በላይ የሆነ ኃይል ይጠይቅ ነበር። በተግባር ግን በአቧራ ቅንጣትና በዕቃው ጭረት ውስጥ የተደበቁ ጥቃቅን የጋዝ ከረጢቶች ስላሉ ጥቂት ከባቢ አየር ይበቃል። ከረጢቱ በልጠጣው ያብጣል፣ በጭመቃው ይኮማተራል። ባበጠ ጊዜ ገጹ ሰፊ ስለሚሆን ወደ ውስጡ የሚገባው ጋዝ ሲኮማተር ከሚወጣው ይበልጣል፤ ስለዚህም ከዙር ወደ ዙር እያደገ ይሄድና ከሞገዱ ጋር የሚስማማ መጠን ላይ ሲደርስ በአንዱ ልጠጣ በኃይል ተነፍቶ፣ በሚቀጥለው ጭመቃ የከበበው ውሃ በሙሉ ይደረመስበታል። በ40 ኪሎኸርዝ አንድ ሙሉ ዙር የሚፈጀው 25 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ሲሆን የመደርመሱ የመጨረሻ ክፍል ደግሞ ከ1 ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በውስጡ የታመቀው ጋዝ ሙቀቱን ወደ ውሃው ለማስተላለፍ ጊዜ ስለማያገኝ እርስዎ የጠቀሱት 5,000 ኬልቪንና በመቶዎች የሚቆጠር ከባቢ አየር ግፊት የሚፈጠሩት በዚያች ቅጽበት ነው።

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1917 የዚህን መደርመስ ሂሳብ ሲሠራ ያሳሰበው ኬሚስትሪ ሳይሆን የመርከብ ፕሮፔለሮች መቦርቦር ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ በ1927 ሪቻርድስና ሉሚስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ የኬሚካል ለውጦችን እንደሚያፋጥን አሳዩ። ሁለቱ የሥራ ዘርፎች፣ ማለትም መቦርቦሩና ኬሚስትሪው፣ ከአንድ አረፋ የተወለዱ ቢሆኑም የሚፈልጉት አረፋ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

አሁን ወደ እርስዎ አሠራር ልመለስ። የውሃ ተን ግፊት በ20 ዲግሪ 2.3 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን በ60 ዲግሪ ወደ 20 ኪሎፓስካል ይጠጋል። በሞቀ ውሃ ውስጥ የሚያብጠው አረፋ በተን ይሞላል፤ ተኑም ሲጨመቅ እንደ ትራስ ሆኖ መደርመሱን ያለዝበዋል፣ የራሱም ሞለኪውሎች ሲሰባበሩ ሙቀቱን ይጠጣሉ። ብዙውን የኬሚካል ለውጥ ማሞቅ ሲያፋጥነው በካቪቴሽን የሚመራው ግን በአብዛኛው ሲቀዘቅዝ የሚፈጥነው በዚህ ምክንያት ነው። በእጥበት ጊዜ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ድረስ የምናሞቀው አረፋው ስለሚጠነክር ሳይሆን ቅባቱ ስለሚላላና ማጠቢያው በሙቀት ስለሚበረታ ነው፤ ከዚህ በላይ ሲኬድ የእጥበቱም ኃይል ይቀንሳል።

አየሩን ማስወጣትም እንዲሁ ነው። የሟሟ አየር የበዛበት ውሃ ድምፁን የሚውጡ ሰነፍ አረፋዎችን ስለሚያበዛ ለእጥበት አየሩ መውጣት አለበት። ለኬሚስትሪ ግን አረፋው ውስጥ የሚጨመቅ ጋዝ ያስፈልጋል፤ የጋዙም ዓይነት ይመረጣል። አርጎን ባለ አንድ አቶም ጋዝ ስለሆነ የጨመቃው ሥራ በሞለኪውል መሽከርከርና መንቀጥቀጥ ሳይበተን በቀጥታ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀትም በቀላሉ አያስተላልፍም። ሂሊየምም ባለ አንድ አቶም ነው፤ ነገር ግን ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚያሾልክ ከአርጎን ያንሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሁሉም የከፋ ነው።

የማጠቢያ ፈሳሹን ግን ለምን ፍላስኩ ውስጥ እንደጨመሩት አልገባኝም። ቀለሙን የሚያጠፋው በአብዛኛው የውሃ ሞለኪውል በአረፋው ውስጥ ሲሰበር የሚወለደው ሃይድሮክሲል ራዲካል፣ ማለትም ካገኘው ነገር ጋር ለመዋሃድ የሚጣደፍ የሞለኪውል ስባሪ፣ ነው። የማጠቢያ ሞለኪውሎች የሚሰበሰቡት ደግሞ በትክክል በአረፋው ቆዳ ላይ፣ ራዲካሉ በሚወጣበት በር ላይ ነው። ቀለሙ ጋ ከመድረሱ በፊት ይበሉታል።

መርፌ ቀዳዳ (መልስ 2)

እኔ የነዳጅ መርጫ አፎችንና ካርቡሬተሮችን በአልትራሶኒክ የማጸዳ ባለሙያ ነኝ። ከላይ የተጻፈው ትምህርት ሰጥቶኛል፤ ነገር ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። እኔ እስከ ዛሬ የማምነው ያ 5,000 ዲግሪ የሚባለው ሙቀት የካርቦኑን ጥላሸት አቃጥሎ እንደሚያነሣ ነበር። ከዚህም በመነሣት ሥራው ሲከብድ የመሣሪያውን ኃይል እስከ መጨረሻው እከፍተዋለሁ። ለጠያቂውም ምክሬ ይኸው ነበር፤ ዋቱን ይጨምሩ።

የአረፋ ወዳጅ (መልስ 3)

ወንድሜ መርፌ ቀዳዳ፣ ሁለቱም እምነቶችዎ በብዙ ሰው ዘንድ የሚገኙ ስለሆኑ በዝርዝር ብመልስ ሌላውም አንባቢ ይጠቀማል።

ትኩሱ ስፍራ እጅግ ጠባብና እጅግ አጭር ዕድሜ ያለው ነው። የከበበው ውሃ በሰከንድ ከ10 ቢሊዮን ዲግሪ በላይ በሆነ ፍጥነት ያቀዘቅዘዋል፤ ጥላሸት ለማቃጠል አይደርስም። ከዚህም በላይ ግድግዳ አጠገብ ያለ አረፋ ክብነቱን ጠብቆ መደርመስ አይችልም። ግድግዳው በአንድ በኩል የውሃውን መምጣት ስለሚያግደው ተቃራኒው ጎን ቀድሞ ይገባና አረፋውን ከኋላ ወደ ፊት በስቶ እንደ ቀጭን መርፌ የሆነ የውሃ ፍላጻ ወደ ግድግዳው ይወረውራል። ኮርንፌልድና ሱቮሮቭ ይህን እ.ኤ.አ. በ1944 ገምተውት ነበር፤ ፕሌሴትና ቻፕማን በ1971 ሂሳቡን ሠርተው አሳዩት፤ በፈጣን ካሜራም ተነሥቷል። ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 100 ሜትር ይደርሳል። ፍላጻው ገጹን ከመታ በኋላ በጎን ተዘርግቶ ሲሮጥ የሚፈጥረው የመፋቅ ኃይል፣ ሳይደረመሱ ገጹ ላይ እየተንቀጠቀጡ የሚንሸራተቱት አረፋዎች ከሚያስነሡት ጥቃቅን ፍሰት ጋር ተዳምሮ፣ ቆሻሻውን ከሥሩ ይነቅለዋል። ስለዚህ እጥበት የግርፊያ ሥራ ነው፤ ኬሚስትሪ ደግሞ የሙቀትና የራዲካል ሥራ ነው። ክብነቱን ያጣው አረፋ በደንብ ይመታል፣ ግን ያን ያህል አይግልም፤ ከግድግዳ ርቆ ክብ ሆኖ የተደረመሰው ይግላል፣ ግን የሚመታው ነገር የለውም።

ከወሬው ትንሽ ልውጣና፣ በባሕር ውስጥ ጥፍሩን በማስጮኽ ዓሣ የሚያደነዝዝ ትንሽ የሽሪምፕ ዝርያ አለ። ለዘመናት ድምፁ ከጥፍሮቹ መጋጨት የሚመጣ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ግን ጥፍሩ ሲዘጋ የሚወረውረው ፈጣን የውሃ ፍሰት አረፋ እንደሚፈጥርና የምንሰማው የአረፋው መደርመስ እንደሆነ አሳየ። የእርስዎ ገንዳ በየሰከንዱ የሚያደርገውን ይህ ፍጡር ያለ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል።

ኃይል መጨመርን በተመለከተ፦ እስከ አንድ ልክ ድረስ ይረዳል፣ ከዚያ በኋላ ይጎዳል። ትራንስዱሰሩ (ኤሌክትሪኩን ወደ ድምፅ ንዝረት የሚለውጠው ክፍል) በሚነካው ውሃ ላይ አረፋው እጅግ ሲበዛ ደመና ይሠራል፤ ደመናውም ድምፁን ይበትነዋል፣ ይውጠዋልም። ወለሉ አጠገብ ሲንጫጫ ከላይ ያለው ዕቃ ግን ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ዋቱን ከፍተው የሚያተርፉት ነገር ቢኖር የገንዳውን ወለል መቦርቦር ነው።

ሙቀት ለኪ (መልስ 4)

ጠያቂው «በእርግጥ ካቪቴሽን አለ ወይ?» ብለው ነበር፤ ሁሉም ስለ አረፋው ሲከራከር ይህ ጥያቄ ተረሳ። እኔ በመለካት አምናለሁ፤ ሦስቱ መለኪያዎች ደግሞ የተለየ መሣሪያ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው ለምግብ መጠቅለያ የሚሆነው ቀጭን የአልሙኒየም ፎይል ነው። ወለሉን ሳይነካ በውሃው ውስጥ ቀጥ አድርገው ያንጠልጥሉት፤ ለ1 ደቂቃ ያህል ያስነሡና አውጥተው ከብርሃን ፊት ይያዙት። የተበሳበት ቦታ አረፋው የሚሠራበት ነው፤ ሳይነካ የቀረውም እንዲሁ ይናገራል። ከጨረሱ በኋላ ውሃውን መለወጥ አይርሱ፤ የፎይሉ ብናኝ ወለሉ ላይ ከቀረ በንዝረቱ እየተፋተገ ብረቱን ይበላዋል።

ሁለተኛው ቴርሞሜትር ነው። ማሞቂያውን አጥፍተው በገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ በድምፁ ብቻ ምን ያህል እንደሚሞቅ ይከታተሉ። ለምሳሌ 2 ሊትር ውሃ በ5 ደቂቃ 2 ዲግሪ ቢጨምር፣ 2 ኪሎግራም በ4,186 በ2 ተባዝቶ ለ300 ሰከንድ ሲካፈል 56 ዋት ገደማ ይወጣል። ይህ በመሣሪያው ጀርባ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ማነሱ አያስደንግጥዎ፤ ሁልጊዜም ያንሳል። ዋናው ነገር ይኸው ልኬት በፍላስኩ ውስጥ ሲደገም ነው፤ በብርጭቆው በኩል አልፎ የሚገባው ኃይል ከውጪው እጅግ ያነሰ እንደሆነ ያያሉ።

እነዚህ ሁለቱ ግን ስለ ኬሚስትሪው ምንም አይነግሩዎትም። ለዚያ ፖታሲየም አዮዳይድ ይበጥብጡ። ሃይድሮክሲል ራዲካል አዮዳይዱን ወደ አዮዲን ስለሚለውጠው ቀለም የሌለው ፈሳሽ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ፈሳሹ የሚውጠውን ብርሃን በሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር በ350 ናኖሜትር አካባቢ ይነበባል፤ መሣሪያው ከሌለ ጥቂት የስታርች ሙሙት ሲጨመርበት ሰማያዊ ይሆናል። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ አዮዳይድ በብርሃንና በአየር ብቻም ቀስ እያለ ቢጫ ስለሚሆን ድምፅ ያልነካው ሌላ ብልቃጥ በዚያው ሙቀትና በዚያው ብርሃን አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ይህ ማነጻጸሪያ የሌለው ልኬት እንደ ልኬት አይቆጠርም።

መርፌ ቀዳዳ (መልስ 5)

የፎይሉን ሙከራ ዛሬውኑ ሠራሁት። የተበሱት ቦታዎች በተርታ የተሰመሩ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ወደ 2 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ያልተነካ መስመር አለ። ገንዳዬ ተበላሽቶ ይሆን?

የአረፋ ወዳጅ (መልስ 6)

አልተበላሸም። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የ40 ኪሎኸርዝ ሞገድ ርዝመት 37 ሚሊሜትር ነው። ከወለሉ የሚነሣው ሞገድ ከውሃው ገጽ ተንጸባርቆ ሲመለስ ሁለቱ ተደራርበው በቦታው የቆመ ሞገድ ይሠራሉ፤ በውስጡም ኃይለኛዎቹ ቦታዎች በየ18.5 ሚሊሜትሩ ይደጋገማሉ፣ በመካከላቸውም ጸጥተኞቹ አሉ። ፎይልዎ ያሳየዎት ይህንን ነው። ትራንስዱሰሩን በኤሌክትሪክ ከሚነዱት ጄኔሬተሮች አንዳንዶቹ ድግግሞሹን በጥቂት ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዙ መስመሮቹን ያደበዝዛሉ። የእርስዎ ይህ ከሌለው ዕቃውን በየጊዜው ትንሽ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ዕቃን በቀጥታ ወለሉ ላይ ማስቀመጥ ግን ለዕቃውም ለትራንስዱሰሩም ጥሩ አይደለም። ጠያቂውም ፍላስካቸውን ወለሉ ላይ እንዳስቀመጡ ልብ ይሏል፤ ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለው ፍላስክ መርጠው፣ በመያዣ አንጠልጥለው፣ ፎይሉ በብዛት በተበሳበት ከፍታ ላይ ቢያቆሙት በግልጽ የሚታይ ልዩነት ያገኛሉ።

መርፌ ቀዳዳ (መልስ 7)

አመሰግናለሁ። በበኩሌ ከሥራ የተማርሁትን ላካፍል። አልሙኒየም የሆነን አካል ጠንካራ አልካላይ ባለው ማጠቢያ ውስጥ ከረሱት ጠቁሮ ይወጣል፤ ድምፁ ኦክሳይዱን እየፋቀ ለአልካላዩ ሁልጊዜ አዲስ ብረት ስለሚያቀርብለት ጥፋቱ ያለ ድምፅ ከሚሆነው ይፈጥናል። ለጌጣጌጥ አጣቢዎችም እንደምነግረው ዕንቁ፣ ኦፓልና ኤመራልድ ገንዳ ውስጥ አይገቡም፤ የመጀመሪያው ለስላሳ ነው፣ ሁለተኛው በውስጡ ውሃ ያዘለና ለመሰንጠቅ የቀረበ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ በተፈጥሮው ስንጥቅ የበዛበትና ብዙ ጊዜም በዘይት የተሞላ ነው። እጅንም መንከር አያስፈልግም፤ ቅርጫት የተሠራው ለዚህ ነው።

ኅብረ ቀለም (መልስ 8)

ስለ ሁሉም ምላሽ ከልብ አመሰግናለሁ። አዮዳይዱን በሁለት ሁኔታ ሞከርሁት። በ60 ዲግሪ፣ አየሩ በወጣበት ውሃ የተበጠበጠው ከማነጻጸሪያው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ለዓይን የሚሞላ አልነበረም። በገንዳው ውሃ ላይ በረዶ እየጨመርሁ በ20 ዲግሪ አካባቢ የያዝሁት፣ አየሩም ያልወጣው፣ በግልጽ ቢጫ ሆነ። ስለዚህ ገንዳው ራዲካል ይሠራል፤ ከለከልሁት የነበርሁት እኔ ራሴ ነኝ። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ያለው መሣሪያ ባገኝ ምን ያህል ይለወጣል?

ንዝረት (መልስ 9)

ብዙ ይለወጣል፤ ግን በሁሉም አቅጣጫ ወደ በጎ አይደለም። ሚናርት እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣው ቀመር ለአየር አረፋ በውሃ ውስጥ ሲሠራ ድግግሞሹና የአረፋው ራዲየስ ሲባዙ በሰከንድ ወደ 3.3 ሜትር ይሆናሉ ይላል። በ40 ኪሎኸርዝ ከሞገዱ ጋር የሚስማማው አረፋ ራዲየሱ 80 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ በ1 ሜጋኸርዝ 3 ማይክሮን ገደማ ብቻ። በዝቅተኛው ድግግሞሽ አረፋው ለማደግ ጊዜ ስላለው ትልቅ ሆኖ ይደረመሳል፣ ምቱም ይከብዳል። ድግግሞሹ ሲጨምር አረፋው ያንሳል፣ የእያንዳንዱም ምት ይቀላል፤ ነገር ግን በየሰከንዱ የሚደረመሱት እጅግ ይበዛሉ፣ የተወለደውም ራዲካል ከትንሹ አረፋ ወደ ውሃው ለመውጣት የሚጓዘው መንገድ አጭር ነው። ከዚህ በላይ ሲኬድ ደግሞ አረፋው ለማበጥ ጊዜ ያጣል። የሁለቱ መታረቂያ፣ የሃይድሮክሲል ምርት የሚበዛበት ስፍራ፣ ከ200 እስከ 600 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው።

በእጥበትም በኩል ያው ታሪክ ሌላ ገጽታ አለው። በሚንቀጠቀጥ ውሃ ውስጥ ገጹን ተለጥፎ የማይንቀሳቀስ ስስ የውሃ ንብርብር አለ፤ ውፍረቱ በ40 ኪሎኸርዝ ወደ 3 ማይክሮን፣ በ1 ሜጋኸርዝ ደግሞ ከግማሽ ማይክሮን ጥቂት ያለፈ ነው። ከንብርብሩ በታች የተደበቀ ቅንጣት ፍሰቱ አይደርስበትም። የሴሚኮንዳክተር ፋብሪካዎች የሲሊከን ሰሌዳዎችን በሜጋኸርዝ ክልል ባለ ድምፅ የሚያጥቡት አንድም ቀጭኑን ንብርብር ለመጠቀም፣ አንድም በሰሌዳው ላይ ያለውን ስስ የኤሌክትሪክ ዑደት ንድፍ ከከባድ ምት ለማዳን ነው። የሞተር አካል ለሚያጥቡት መርፌ ቀዳዳ ግን 25 ወይም 40 ኪሎኸርዝ ይሻላቸዋል።

ድግግሞሹን ከመምረጥ በፊት ግን የሚሰበረው ነገር የት እንደሚቀመጥ መጠየቅ ይገባል። በቀላሉ የሚተን ከሆነ ራሱ ወደ አረፋው ይገባና በእሳቱ ይሰበራል፤ ራዲካል አያስፈልገውም። እንደ ሜቲሊን ብሉ ያለ፣ ኤሌክትሪካዊ ሙል ያለውና የማይተን ከሆነ በውሃው ውስጥ ሆኖ ራዲካሉን ይጠብቃል። በመካከላቸው ደግሞ እንደ ሳሙና የአረፋውን ቆዳ የሚመርጡ አሉ። ፒፎስና ፒፎአ የሚባሉት በፍሎሪን የተሸፈኑ በካዮች ከሃይድሮክሲል ራዲካል ጋር እምብዛም ባይሠሩም በአረፋው ቆዳ ላይ ስለሚሰፍሩ በዚያው ሙቀት ይሰበራሉ። በሌላ መንገድ በቀላሉ የማይበገሩትን እነዚህን ውሕዶች አልትራሳውንድ መስበር መቻሉ በዘርፉ ካሉት አሳማኝ ምክንያቶች አንዱ ይመስለኛል።

ጸጥታ (መልስ 10)

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሰው ቀዝቃዛውን ውሃ ማፍሰስ አለበት። ከግድግዳው ሶኬት የወጣው ኤሌክትሪክ በጄኔሬተሩ፣ በትራንስዱሰሩ፣ በገንዳው ብረት፣ በፍላስኩ ብርጭቆ እያለ ሲያልፍ በየደረጃው ይቀነሳል፤ ከደረሰውም ውስጥ አብዛኛው ውሃውን ከማሞቅ አያልፍም፤ ራዲካል የሚሆነው ፍርፋሪው ነው። ጥቂት ሊትር በቤተ ሙከራ ማጥራት ይቻላል። በቶን የሚቆጠር ፍሳሽን በዚህ መንገድ ማጥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ድምፁ በአረፋው ደመና ተውጦ ከትራንስዱሰሩ ብዙም ስለማይርቅ ትልቅ ጋን ሠርቶ አንድ ትልቅ ትራንስዱሰር መግጠም አይሆንም። ሥራውን የሚያስፋፉ ሰዎች ብዙ ትናንሽ ክፍሎችን በተከታታይ አገጣጥመው ፈሳሹን ያሳልፉበታል። አለዚያም ድምፁን ራሱን ይተዉትና ፈሳሹን በጠባብ ቀዳዳ ወይም በቬንቱሪ ቱቦ በፓምፕ ያስገድዱታል፤ በጠባቡ ቦታ ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይወድቅና አረፋው ይወለዳል፣ ቱቦው ሲሰፋም ይደረመሳል። ምቱ ከአልትራሳውንዱ የለዘበ ቢሆንም ፓምፕ ለብዛት የተመቸ ነው።

ነቀፌታዬ ዘርፉን ለማጣጣል አይደለም። አልትራሳውንድ ዋጋውን የሚያወጣው ጠጣርና ፈሳሽ፣ ወይም የማይዋሃዱ ሁለት ፈሳሾች በሚገናኙበት ሥራ ላይ ነው እላለሁ። ሉሽ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1980 የባርቢየርን ለውጥ (በብረት አማካኝነት ሁለት ካርቦናዊ ሞለኪውሎችን የሚያያይዘውን) በተራ የማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሠርቶ አሳይቷል፤ ሊቲየም ወይም ማግኒዚየም በኦክሳይድ ቆዳው ተሸፍኖ አልነሣም ሲል አረፋው ቆዳውን ይገፈዋል። አሜሪካዊው ኬሚስት ሰስሊክና ባልደረባው በ1987 የኒኬል ዱቄትን በአልትራሳውንድ አስነሥተው ሃይድሮጂን የማስገባት ብቃቱን ከ100,000 እጥፍ በላይ ከፍ አድርገዋል። ዘይትና ውሃን ማቀላቀል፣ ክሪስታል በእኩል መጠን እንዲጀምር ማድረግ፣ ከቅጠል ውስጥ ንጥረ ነገር ማውጣት፣ እነዚህ ሁሉ የግርፊያ ሥራዎች ናቸው፤ ዝቅተኛው ድግግሞሽም ይበቃቸዋል።

በገንዳ ፈንታ ባለ 20 ኪሎኸርዝ የቲታኒየም ዘንግ በቀጥታ ፈሳሹ ውስጥ ለማስገባት ለምታስቡም፦ ኃይሉ ከገንዳው እጅግ ይበልጣል፣ ይሁን እንጂ የዘንጉ ጫፍ በራሱ አረፋ እየተቦረቦረ ግራጫ የብረት ብናኝ ናሙናችሁ ውስጥ ይጥላል። የጫፉ ገጽ ሲሻክር ይለወጣል ወይም ይስተካከላል። የጆሮ መከላከያም አድርጉ፤ 20 ኪሎኸርዙ ባይሰማም ካቪቴሽኑ የሚወልደው ከእርሱ በታች ያለው ጩኸት ይሰማል።

የአረፋ ወዳጅ (መልስ 11)

ጸጥታ በጻፉት ላይ አንድ ብቻ ልጨምር። አልኮል፣ አሴቶን ወይም ቤንዚን በቀጥታ ገንዳ ውስጥ የሚያፈስ ሰው አይጠፋምና ይጠንቀቅ፤ ተኑ ከመሣሪያው ውስጥ ካለው ኤሌክትሪክ ጋር ከተገናኘ እሳት ነው። ሟሚው ግድ ከሆነ በተከደነ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይሁንና ገንዳው ውስጥ ውሃ ይኑር፤ ድምፁ በብርጭቆው አልፎ ይደርሳል።

ኅብረ ቀለም (መልስ 12)

የመጨረሻውን ሙከራ ውጤት ላቅርብ። የማጠቢያ ፈሳሹን አስቀርቼ፣ ፍላስኩን ፎይሉ ባመለከተኝ ከፍታ ላይ አንጠልጥዬ፣ ውሃውን በበረዶ በ20 ዲግሪ አካባቢ ይዤ፣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አርጎን በቀጭን ቱቦ አሳለፍሁበት። ከ2 ሰዓት በኋላ ሰማያዊው ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም በጉልህ ሳስቷል፤ በስፔክትሮፎቶሜትር በ664 ናኖሜትር ያነበብሁትም ይህንኑ ያረጋግጣል። ድምፅ ሳይነካው አርጎን ብቻ ያለፈበት ማነጻጸሪያ አልተለወጠም።

ሙቀት ለኪ (መልስ 13)

ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ነገር ግን ከመደሰትዎ በፊት አንድ ወጥመድ አለ። ሜቲሊን ብሉ ሳይሰበርም ቀለሙን ያጣል። ሃይድሮጂን ሲቀበል ሉኮ ወደሚባለው ቀለም አልባ መልኩ ይለወጣል፤ ኦክስጅን ሲያገኝ ደግሞ ወደ ሰማያዊነቱ ይመለሳል። እርስዎ በአርጎን ውስጥ ያለ ኦክስጅን ሠርተዋል፤ ውሃ ሲሰበርም ከሃይድሮክሲሉ ጋር የሃይድሮጂን አቶም አብሮ ይወለዳል። ስለዚህ የጠፋው ቀለም ተሰብሮ ይሁን ተሸሽጎ አናውቅም። ፍላስኩን ከፍተው አየር ያናፍሱበትና ሌሊቱን በጨለማ ያሳድሩት።

ኅብረ ቀለም (መልስ 14)

ትናንት ማታ ከፍቼ አየር ለግማሽ ሰዓት አሳለፍሁበትና ከማነጻጸሪያው ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ አሳደርሁት። ዛሬ ጠዋት ስመለከተው ሰማያዊው በጥቂቱ ተመልሷል፣ ወደ መነሻው ግን አልደረሰም። ከጠፋው ውስጥ አነስተኛው ክፍል ተሸሽጎ የነበረ ሲሆን የሚበዛው ተሰብሯል ማለት ነው። ቀጣዩን ሙከራ አርጎኑን ከጥቂት ኦክስጅን ጋር ቀላቅዬ እሠራዋለሁ፤ በዚያ ጊዜ የሉኮው ጥርጣሬ ከመነሻው አይኖርም።